ሌሊቱ ሲበርድ የሚያብብ ኦርኪድ

ኦርኪድ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በሆቴል እንግዳ መቀበያ የሚቀመጠውን ፋላኖፕሲስን ነው። እሱ ሙቀት የለመደ ተክል ስለሆነ ኦርኪድ ሁሉ ሙቅ ቤት የሚሻ ይመስለናል። ሲምቢዲየም የሚባለው ወገን ግን ጠባዩ ሌላ ነው፤ ሌሊቱ ካልበረደለት አያብብም። ሞቅ ባለ ሳሎን ውስጥ ቅጠሉ እየለመለመ ዓመታት ያልፋሉ፤ አበባ ግን የለም።

ነገሩ ከዘር ማንዘሩ ይጀምራል። ዛሬ በየቤቱ የሚያድጉት ባለ ትልልቅ አበባ ሲምቢዲየሞች ድቅል ናቸው፤ ወላጆቻቸው የመጡት ከሂማላያ፣ ከበርማና ከቬትናም ተራሮች ነው። እዚያ ከባዱ ዝናብ ሲያባራ ሰማዩ ይጠራል፣ ቀኑ ይፈካል፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ተክሉ የአበባ ዘንግ የሚያወጣው ይህን ለውጥ ተከትሎ ነው። መስከረም ሲጠባ ደጁን ያየ ደገኛ ይህን የአየር ጠባይ ያውቀዋል።

ማዳቀሉ የተጀመረው በእንግሊዝ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1889 የቬይች ችግኝ ጣቢያ ኢበርኒየምና ሎዊያነም ከተባሉ ሁለት ዝርያዎች የመጀመሪያውን የሲምቢዲየም ድቅል አገኘ። ያ ድቅል ደግሞ ከቬትናሙ ኢንሲግኒ ጋር ተዳቅሎ በ1911 አሌክሳንደሪ የተባለው ተመዘገበ። ከአንድ ፍሬ የወጡ ችግኞች እንደ እናት ልጆች ይለያያሉና፣ ከአሌክሳንደሪ ልጆች አንዱ፣ ዌስተንበርት የተባለው፣ ክሮሞዞሙ እጥፍ ሆኖ ተገኘ። አበባው ክብ፣ ወፍራምና ሰፊ ነበር። የዛሬዎቹን ታላላቅ ድቅሎች የዘር ሐረግ ወደ ኋላ የቆጠረ ሰው ብዙ ጊዜ እሱን ያገኛል።

የኦርኪድ ዘር አቧራ ያክላል፤ ስንቅም የለውም። በዱር የሚበቅለው ፈንገስ እየመገበው ነው። በ1922 ሉዊስ ክኑድሰን የተባለ አሜሪካዊ ሳይንቲስት ስኳር ባለበት ምግብ ላይ በጠርሙስ ውስጥ ዘሩን ያለ ፈንገስ ማብቀል እንደሚቻል አሳየ። በ1960 ደግሞ ፈረንሳዊው ዦርዥ ሞሬል ከሲምቢዲየም ቀንበጥ ጫፍ ላይ ቅንጣት ወስዶ አንዱን ተክል ማባዛት ቻለ። የሀብታም ብቻ የነበረው አበባ ወደ ተራው ቤት የገባው በዚህ መንገድ ነው። እኔ ለድቅሎቹ የማደላበት ምክንያትም ይኸው ነው፤ ከጠርሙስ የወጣ ችግኝ የማንንም ደን አያራቁትም። በአገራችን ዛፎች ላይ የሚበቅሉት ኦርኪዶች ካሉበት ባይነቀሉ እወዳለሁ።

አሁን ወደ እንክብካቤው። ቀኑ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ፣ ሌሊቱ ከ10 እስከ 14 ዲግሪ ቢሆን ይስማማዋል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጠው አዲስ አበባ ይህን ያለ ምንም መሣሪያ ይሰጣል፤ የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝ በረንዳ ይበቃል። ከዚያ ከፍ ባሉ ደጋዎች ግን ውርጭ እምቡጡን ስለሚያቃጥለው፣ በብርድ ወራት ሌሊት ከጣሪያ ሥር ይግባ። በሚኒሶታ ወይም በስቶክሆልም የሚኖር ሰው በጋውን ሁሉ ደጅ ያውለው፤ በመኸር ሌሊቱ ሲቀዘቅዝም እዚያው ይቆይ፤ ውርጭ ሊወርድ ሲል ብርሃን ወዳለበት ቀዝቃዛ ክፍል ያስገባው። እምቡጥ ይዞ ሳለ ማሞቂያ አጠገብ ከተቀመጠ እምቡጡ ይረግፋል። በቀዝቃዛ ስፍራ የፈካ አበባ ግን ሁለት ወር ያህል ይቆያል።

ብርሃኑን ከቅጠሉ ማወቅ ይቻላል፦ ወደ ቢጫ ያደላ አረንጓዴ ጥሩ ነው፤ ጥቁር አረንጓዴ ከሆነ ጥላ በዝቶበታል። ሥሩ ወፍራምና አየር ፈላጊ ስለሆነ ተራ አፈር ያፍነዋል፤ የዛፍ ቅርፊት ስብርባሪ ይሻለዋል። ውሃው ከታች እስኪወርድ ይጠጣ እንጂ ማሰሮው ውሃ ውስጥ ተዘፍቆ አይደር።

በየሁለት ሦስት ዓመቱ፣ አበባው ሲያበቃ፣ ማሰሮው ይቀየራል። መክፈል ከተፈለገ በእያንዳንዱ ክፋይ ላይ ቢያንስ ሦስት ያበጡ ግንዶች ይቅሩ፤ ከዚያ ያነሰ ክፋይ ለማበብ ይዘገያል። ቅጠላቸው የረገፈ አሮጌ ግንዶችም አይጣሉም፤ ጥላ ውስጥ እርጥበት ካገኙ አዲስ ቀንበጥ ያወጣሉ፤ ቀንበጡ ለአበባ ሲደርስም ከእናቱ ጋር አንድ ዓይነት አበባ ይሰጣል።