ዋናው መንገድ ሲዘጋ

(የመኪና ሞተር ድምፅ፤ ቀስ በቀስ በነፋስ ጩኸት ይዋጣል)

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዲሴምበር 29 ቀን 1992። ከሳን ፍራንሲስኮ ብዙም ከማትርቀው ካስትሮ ቫሊ አንድ ፒክአፕ መኪና ተነሣ። መሪውን የያዘው የ21 ዓመት ወጣት፣ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ባልደረባ ነው። አጠገቡ ባለቤቱ አለች፤ ከእነሱ ጋር የጥቂት ወራት ዕድሜ ያለው ወንድ ልጃቸው። ጉዞው የሽርሽር አይደለም። የባልየው አያት ዐርፈው፣ ለቀብራቸው ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው አይዳሆ ግዛት ፖካቴሎ ከተማ መድረስ አለባቸው። ቀብር ቀጠሮ አይራዘምለትም። በሰዓቱ ለመድረስ ሲሉ በኋላ የወሰኑት ውሳኔም ከዚህ ጥድፊያ የመጣ ነው።

የሚያደርሳቸው ዋና መንገድ ኢንተርስቴት 80 ነበር። ከካሊፎርኒያ ወደ ምሥራቅ ሲወጣ የሴራ ኔቫዳን ተራሮች ያቋርጣል። በዚያን ዕለት ግን ተራራው ላይ ኃይለኛ የበረዶ ውሽንፍር ወርዶ መንገዱ ተዘግቶ ነበር። ባልና ሚስቱ ካርታ ዘረጉ። ወደ ሰሜን ዞሮ፣ በካሊፎርኒያና በኔቫዳ ወሰን አቅራቢያ ባለችው በሴዳርቪል በኩል አድርጎ ወደ ምሥራቅ የሚያልፍ ሌላ መስመር አለ። ወረቀቱ ላይ ሲያዩት መንገድ ነው። በዚያ ሊሄዱ ወሰኑ።

የዛሬው ዝግጅታችን በዚህ ውሳኔና ከእሱ በኋላ በመጡት ቀናት ላይ ያተኩራል። ይህን የመሰለ ውሳኔ ከዚያ ወዲህም ሌሎች ቤተሰቦች ወስነውታል፤ አንዳንዶቹ በሕይወት አልተመለሱም።

(የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

የሴራ ኔቫዳ በረዶ የሚመጣው ከፓስፊክ ውቅያኖስ ነው። ከባሕሩ የሚነሣው እርጥበት ያዘለ አየር ተራራው ሲገጥመው ሽቅብ ይወጣል፤ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝ የያዘውን ውሃ ያራግፋል። የኢትዮጵያ ደጋ ከቆላው የበለጠ ዝናብ የሚያገኘውም በዚሁ የተፈጥሮ ሕግ ነው። ልዩነቱ፣ በሴራ ኔቫዳ የዲሴምበርና የጃንዋሪ ቅዝቃዜ ውሃው በረዶ ሆኖ መውረዱ ነው።

መንገዱ ተራራውን የሚሻገርበት ዶነር ሰሚት ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ይሆናል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1846 በሠረገላ ወደ ካሊፎርኒያ ሲጓዙ አቋራጭ ነው የተባለውን መንገድ መርጠው ከዘገዩ በኋላ በረዶ ካሰራቸው ስደተኞች ነው። ከ80 ከሚበልጡት ተጓዦች ግማሽ ያህሉ ክረምቱን አልተሻገሩም። በጃንዋሪ 1952 ደግሞ ከ200 በላይ ሰዎችን የጫነ ባቡር እዚያው ተራራ ላይ ለቀናት በበረዶ ተይዟል። ተራራው ላይ ያለ የበረዶ ጥናት ጣቢያ በዲሴምበር 2021 ብቻ የወረደውን በረዶ ሲለካ ከ5 ሜትር በላይ ሆኖ አግኝቶታል።

የካሊፎርኒያ መንገድ ባለሥልጣን መንገዱን የሚዘጋው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው። ከመዝጋቱ በፊት መኪኖች ጎማቸው ላይ ሰንሰለት እንዲያስሩ ያዛል፤ የነፋሱና የበረዶው ብርታት ሰንሰለትም የማይመልሰው ሲሆን ማገጃውን ያወርዳል። ነገር ግን የተዘጋ ዋና መንገድ ዳር ፖሊስ አለ፣ በረዶ ጠራጊ መኪና አለ፣ ሆቴልና ነዳጅ ማደያ አለ። ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚታጠፈው መንገድ ላይ ከእነዚህ አንዱም አልነበረም።

(ነፋስ፤ በበረዶ ላይ የሚሽከረከር ጎማ ድምፅ)

የሰሜን ምዕራብ ኔቫዳ ጥግ እስከ ዛሬም ሰው የሳሳበት አገር ነው። ሰፊውን ቦታ የያዘው 2,300 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍነው የሼልደን የዱር እንስሳት መጠለያ ነው። በካርታው ላይ ቫያ የሚል ስም ይነበባል፤ ከተማ የሚያሰኝ ነገር ግን የለውም። የባልና ሚስቱ መኪና ከዚህ ስፍራ አልፎ በረዶ ውስጥ ሰጠመ።

አራት ቀን ያህል መኪናው ውስጥ ተቀመጡ። ለመንገድ የያዟትን መክሰስ እየቆጠቡ በሉ። እናትየው ልጇን ጡት ታጠባለች፤ የሚመጣ መኪና ግን አልነበረም። ቤተሰቦቻቸው በቀብሩ አለመድረሳቸውን አይተው ለፖሊስ አመልክተዋል፤ ሆኖም በየትኛው መንገድ እንደሄዱ የሚያውቅ ስላልነበረ የሚፈለጉበት ክልል እጅግ ሰፊ ሆነ።

በአምስተኛው ቀን ግድም ከመኪናው ወጥተው በእግር ለመሄድ ተስማሙ። ካርታው በምሥራቅ በኩል አውራ ጎዳና ያሳያል። ሕፃኑን በመኝታ ከረጢት ጠቅልለው በበረዶው ላይ እየጎተቱ ለሰዓታት ተጓዙ። ለከተማ የተሠራ ጫማቸው ራሰ፤ የእግራቸው ጣቶች መደንዘዝ ጀመሩ። ያሰቡት አውራ ጎዳና ግን ሊታያቸው አልቻለም። ሚስት መራመድ ሲያቅታት ከድንጋይ ሥር ትንሽ ዋሻ አገኙ። ባል እሷንና ልጁን እዚያ ትቶ፣ በመጡበት አቅጣጫ ብቻውን ተመለሰ።

የተጓዘው ርቀት ወደ 80 ኪሎ ሜትር ይገመታል። ቀንና ሌሊት፣ ያለ ምግብ፣ የመኪናቸውን ቦታ አልፎ ወደ ቫያ። በጃንዋሪ 6 ቀን 1993፣ ማለትም በኢትዮጵያ የገና ዋዜማ፣ አንድ የካውንቲው የመንገድ ጥገና ሠራተኛ በረዶው መካከል እየተንገዳገደ የሚመጣ ሰው አየ። ወጣቱ አቅሙ አልቆ ነበር፤ ቢሆንም ዋሻው የት እንደሆነ አስረዳ። የጥገና ሠራተኛው ሌሎችን አስተባብሮ ሄደ፤ እናትና ልጅም በሕይወት ተገኙ።

ሕፃኑ ዳነ። ወላጆቹ ግን ብርዱ የበላቸውን የእግር ጣቶች አጥተዋል። ታሪካቸው በአሜሪካ ጋዜጦች የፊት ገጽ ላይ ወጣ፤ በ1994 ደግሞ ‹‹ስኖውባውንድ›› በሚል ርዕስ የቴሌቪዥን ፊልም ተሠራበት። ብዙ ተመልካች ከፊልሙ የያዘው የአባትየውን ጽናት ነው፤ ጽናቱም በእርግጥ የሚያስደንቅ ነው። ይሁንና ከዓመታት በኋላ በጎረቤት ኦሪጎን ሌላ አባት እንዲሁ ከመኪናው ወጥቶ ሄደ።

(የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

ጀምስ ኪም የቴክኖሎጂ ጋዜጠኛ ነበር። በሳን ፍራንሲስኮ ለሲኔት ድረ ገጽ አዳዲስ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎችን እየሞከረ ለተመልካች ያስተዋውቃል። በኖቬምበር 2006 ከባለቤቱና ከሁለት ሴት ልጆቹ ጋር የምስጋና ቀንን በሰሜን አሳልፎ ወደ ቤቱ እየተመለሰ ነበር። ትልቋ ልጅ የ4 ዓመት፣ ትንሿ የ7 ወር ልጅ ናት። ኖቬምበር 25 ማታ በኦሪጎን ባሕር ዳርቻ ወዳለችው ጎልድ ቢች የሚያወጣውን መታጠፊያ ሳያስተውሉ አለፉት። ካርታ አይተው ተራራውን የሚያቋርጠውን የቤር ካምፕን መንገድ ያዙ። በረዶው ሲበረታባቸው፣ በጨለማ፣ ለእንጨት ጫኝ መኪኖች ወደተጠረገ ጥርጊያ ገቡ።

ለአንድ ሳምንት መኪናው ውስጥ ቆዩ። ሞተሩን እያስነሡ ሞቁ፤ ነዳጁ ሲያልቅ እሳት አነደዱ፤ ስኮርታውን ጨምሮ ጎማዎቹን አቃጠሉ። እናት ሁለቱንም ልጆቿን ጡት እያጠባች አቆየቻቸው። ዲሴምበር 2 ጠዋት ጀምስ ርዳታ ፍለጋ ወጣ። ሰው ካላገኘ ከቀትር በኋላ እንደሚመለስ ለባለቤቱ ነግሯት ነበር።

በዚያው ዕለት ሁለት የስልክ ኩባንያ ባለሙያዎች አንድ ነገር አገኙ። የቤተሰቡ ስልክ ኖቬምበር 26 ሌሊት ለቅጽበት ከአንድ ማማ ጋር ተገናኝቶ ነበር። ይህ ምልክት የፍለጋውን ክልል አጠበበው። ዲሴምበር 4 ቀን አንድ የአካባቢው ነዋሪ በገዛ ሄሊኮፕተሩ ሲያስስ ጃንጥላ የምታውለበልብ ሴት አየ። እናትና ሁለቱ ልጆች ዳኑ። ጀምስ ኪም ዲሴምበር 6 ቀን በአንድ ጅረት ሸለቆ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። 35 ዓመቱ ነበር።

ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ከባድ ጥያቄ ይገጥመዋል። ሁለቱም አባቶች ከመኪና ወጥተው ሄዱ። ሁለቱም ያደረጉት ለቤተሰባቸው ሲሉ ነው። አንዱ የመንገድ ሠራተኛ ዓይን ላይ ወደቀ፣ ሌላው አልወደቀም። በኦሪጎን መኪናው አጠገብ የቆዩት ሦስቱም ተርፈዋል። የነፍስ አድን ሠራተኞች ለተጓዥ ሁሉ ከመኪናችሁ አትራቁ የሚሉበት ምክንያትም እዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል፤ ከሰማይ ለሚፈልግ ዓይን መኪና ከሰው በብዙ እጥፍ ይጎላል፣ ነፋስ ይከልላል፣ ገላን ደረቅ አድርጎ ያቆያል።

ብርድ አካልን ብቻ አይጎዳም፤ ማሰብንም ይነጥቃል። የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ ሰው መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ አንደበቱ ይተሳሰራል፣ ፍርዱ ይዛባል። ስለዚህ ልሂድ ወይስ ልቆይ የሚለው ውሳኔ ብዙ ጊዜ የሚወሰነው አእምሮ ለመወሰን በማይመችበት ሰዓት ነው።

(በርካታ የመኪና ጥሩምባዎች፣ ከሩቅ)

ጃንዋሪ 3 ቀን 2022፣ ቨርጂንያ። ይህኛው መንገድ ብዙ የአማርኛ አድማጮቻችን የሚያውቁት ነው። ኢንተርስቴት 95 በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የሥራም የዘመድ ጥየቃም መንገዳቸው ነው። ከአንድ ቀን በፊት አየሩ ሞቃት ነበር። ሰኞ ንጋት ዝናብ ጀመረ፤ ዝናቡ ወደ በረዶ ተለወጠ። የመንገድ ሠራተኞች ዝናቡ ያጥበዋል ብለው አስፋልቱን አስቀድመው በጨው ውሃ አልረጩትም። በፍሬድሪክስበርግ አካባቢ በረዶው በአንዳንድ ሰዓት 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይከመር ነበር። ከባድ መኪኖች ተንሸራተው ተሳቢያቸው ታጠፈና መንገዱን ዘጋ። ከኋላቸው ወደ 77 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ርቀት ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ተሽከርካሪዎች ቆሙ። ሌሊት ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ወደ 10 ዲግሪ ወረደ።

ሴናተር ቲም ኬይን ከሪችመንድ ወደ ዋሽንግተን ለመድረስ 27 ሰዓት ፈጅቶባቸዋል፤ በተለመደው ቀን የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። በመኪኖቹ መካከል የሚዘዋወር አንድ ቤተሰብ ለእሳቸውም ብርቱካን ሰጥቷቸዋል።

ከተያዙት መካከል ከሜሪላንድ ተነሥተው ወደ ሰሜን ካሮላይና ዘመድ ሊጠይቁ የሚሄዱ ባልና ሚስትም ነበሩ። በዙሪያቸው የተራቡ ልጆች ድምፅ ይሰማቸዋል። ከፊታቸው የቆመው የጭነት መኪና ላይ የአንድ የባልቲሞር ዳቦ ፋብሪካ ስም ተጽፏል። ባልና ሚስቱ ወደ ፋብሪካው ደውለው ለመኑ። ብዙም ሳይቆይ ከባለቤቶቹ አንዱ መልሶ ደወለላቸው፤ ሾፌሩ የመኪናውን በር እንዲከፍትም ፈቀደ። ከዚያ ሾፌሩ፣ ባልና ሚስቱና ሌሎች ተጓዦች በበረዶው ላይ ከመኪና መኪና እየተመላለሱ ዳቦ አደሉ።

በዚያ መንገድ ላይ በበረዶው ምክንያት የሞተ ሰው አልተመዘገበም። በኤፕሪል 2022 የወጣው የግምገማ ሪፖርት መሥሪያ ቤቶቹ ለተጓዡ የሰጡት መረጃ ያልተሟላ እንደነበር ዘርዝሯል፤ ወቀሳው ተገቢ ነው። ቢሆንም ከ1992ቱና ከ2006ቱ ጋር ሲተያይ አንድ ነገር ይለያል። እነዚህ ሰዎች የተያዙት ዋና መንገድ ላይ፣ በሰው መካከል፣ ሁሉም በሚያውቀው ቦታ ነበር። ስለዚህም ደረሱላቸው።

(ሙዚቃ ከሥር ይገባል)

ዛሬ ካርታው በስልክ ውስጥ ነው፤ ዋናው መንገድ ሲዘጋ ሌላ መስመር ወዲያው ያወጣል። በዲሴምበር 2021 ኢንተርስቴት 80 ሲዘጋ አሽከርካሪዎች ስልካቸው ያሳያቸውን የተራራ መንገድ እንዳይከተሉ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶ ነበር። ስልኩ የመንገዱን ርዝመት ያውቃል፤ በረዶ ጠራጊ ይለፍበት አይለፍበት ግን ሁልጊዜ አያውቅም። ዋናው መንገድ ከተዘጋ የሚሻለው በቅርብ ባለ ከተማ ማደር ነው። በአሜሪካ አብዛኛው ግዛት 511 ላይ ደውሎ የመንገዱን ሁኔታ መጠየቅ ይቻላል።

መንገድ ላይ ለተያዘ ሰው የባለሙያዎች ምክር አጭር ነው። ከመኪና አይወጣም። ሞተሩ በየሰዓቱ ለአሥር ደቂቃ ያህል ብቻ ይነሣል፤ ከዚያ በፊት ግን ማርሚታው በበረዶ እንዳልተደፈነ ይታያል። ከተደፈነ፣ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ውስጥ ገብቶ በእንቅልፍ ላይ ይገድላል፤ ሞተሩ ሲነሣም ነፋሱ በማይመታው በኩል መስኮት በጥቂቱ ይከፈታል። በረዶ እንዳለ አይበላም፣ ቀልጦ ይጠጣል። ከመነሣት በፊት ነዳጅ ይሞላል፤ ብርድ ልብስ፣ ውሃ፣ ደረቅ ምግብ፣ የእጅ ባትሪ፣ አካፋና ደማቅ ቀለም ያለው ጨርቅ ኋላ ይጫናል።

ከሁሉም በፊት የሚደረገው ግን ወጪ የለውም። በኔቫዳም በኦሪጎንም ፍለጋውን ያዘገየው፣ ቤተሰቡ በየትኛው መንገድ እንደሄደ የሚያውቅ ሰው አለመኖሩ ነው። ተጓዥ ከመነሣቱ በፊት የሚሄድበትን መንገድና የሚደርስበትን ሰዓት ለአንድ ሰው ይንገር፤ መንገድ ከቀየረም ስልኩ ምልክት ሳያጣ መልሶ ይደውል፤ የሰማው ሰው ደግሞ ሰዓቱ ካለፈ ሳይውል ሳያድር ለፖሊስ ያመልክት።