ሙቀት የሚያየው ዓይን የሚታወርበት ሰዓት

በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው በትረካና በዳይስ ከሚጫወቷቸው የምናብ ጨዋታዎች ቀዳሚው ‹ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ› ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ አሳተሙት። በቀድሞ ሕጎቹ አንዳንድ ፍጡራን በድቅድቅ ጨለማ የሰውነት ሙቀት እያዩ እስከ 60 ጫማ፣ ማለትም እስከ 18 ሜትር ገደማ፣ ጠላታቸውን ይለያሉ። ችሎታው ‹ኢንፍራቪዥን› ይባላል።

ብዙ የጨዋታ መሪዎች ይህን ዓይን ምንም የማይሰወርበት አድርገው ይተርኩታል። እውነተኛው የሙቀት ካሜራ ግን ድንበር አለው። ማንኛውም አካል እንደ ሙቀቱ መጠን ኢንፍራሬድ ጨረር ያመነጫል፤ ካሜራው ምስል የሚሠራው በአካላት መካከል ካለው ልዩነት ነው። ልዩነቱ ከጠፋ ምስሉም ይጠፋል።

ሲቲ ዞን ውስጥ ሺኒሌ አካባቢ ይህ በግልጽ ይታሰባል። በሞቃቱ ወራት የቀትሩ አየር ከ35 ዲግሪ ያልፋል፣ ድንጋዩም ይግላል። ውሃ የተጠማ ግመል ደግሞ ላብ እንዳያባክን የቀኑን ሙቀት በሰውነቱ አጠራቅሞ ሌሊት ይለቀዋል፤ ንጋት ላይ 34 ዲግሪ ገደማ የነበረው ሙቀቱ ከሰዓት በኋላ እስከ 40 ይደርሳል። ንጋት ላይ በቀዘቀዘው ሜዳ ቆሞ በካሜራ ቢታይ ዓይኑና ፊቱ ይፈካል፤ ፀጉር የሸፈነው ሻኛው ግን ሙቀቱን አምቆ ስለሚይዝ ደብዘዝ ይላል። ፀሐይ ወጥታ መሬቱ ሲሞቅ ከግመሉ ሙቀት ጋር የሚስተካከልበት ሰዓት ይመጣል፤ ያኔ ግመሉ ከቆመበት ሳይነቃነቅ ከምስሉ ይሰወራል። ማታ መሬቱ ሲበርድ ያው ይደገማል።

ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ጅግጅጋ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ስለሚል መንገድ ላይ ያለ ሰው ጎልቶ ይወጣል። ሆኖም መስኮቱን የዘጋ የአይሱዙ ሾፌር አይታይም። መስታወት ብርሃን ያሳልፋል እንጂ የሰውነትን ሙቀት አያሳልፍም፤ የሙቀት ካሜራ ሌንስ ከጀርማኒየም የሚሠራውም ለዚህ ነው። በሶማሊኛና በአማርኛ የተጻፈ የሱቅ ሰሌዳም ፊደሉና መደቡ እኩል ከቀዘቀዙ አይነበብም። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ጊዜ ግንባራችን ላይ ይነጣጠር የነበረው ቴርሞሜትርም ቢሆን የሚለካው ቆዳን ነው፤ ፀሐይ የመታው ግንባር ያሳስተዋል።

ሙቀት የሚለዩ እንስሳትም እንዲሁ ድንበር አለባቸው። ዘንዶ ከንፈሩ ላይ ባሉት ጥቃቅን ጉድጓዶች የሚታደነውን እንስሳ ሙቀት ይለያል። በምሥራቅ ኢትዮጵያ ከመሬት በታች በመንጋ የሚኖረው ፀጉር አልባ ፍልፈል ግን የሰውነቱ ሙቀት የጉድጓዱን ሙቀት ስለሚከተል ለእንዲህ ዓይነቱ ዓይን እጅግ አስቸጋሪ ነው። በጨዋታው ዓለም ያለ ሕይወት የሚንቀሳቀስ አፅምም በዚሁ ምክንያት መሰወር ይገባዋል።

የጨዋታው አዘጋጆች እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው ሦስተኛ እትም ኢንፍራቪዥንን ትተው ጨለማን በጥቁርና ነጭ በሚያሳይ ቀለል ያለ ችሎታ ተኩት። ለመዳኘት ይቀላል፤ ነገር ግን ተጫዋቹ ስለ ሰዓቱ፣ ስለ መሬቱና ስለ ግድግዳው እንዲያስብ ያስገድድ የነበረውን ሕግ አሳጥቶናል። እኔ የቀድሞውን እመርጣለሁ። ጀብዱውን ሺኒሌ ሜዳ ላይ የሚያስጀምር የጨዋታ መሪ ‹ምን ታያለህ?› ከማለቱ በፊት ፀሐይ ከጠለቀች ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ መሬቱ ምን ያህል እንደቀዘቀዘና በመካከል ምን እንዳለ ይወስን። ተጫዋቾቹም መደበቂያቸውን ከዚያ ውስጥ ይፈልጉ።