40 የፈረስ ጉልበት ወልድያ ላይ ስንት ነው?

በሰኔ ወር 2007 ዓ.ም. የጤና ባለሙያው አቶ አስመላሽ ዘፈሩ በገዛ እጃቸው የሠሯትን «ኬ-570ኤ» የተባለች አውሮፕላን ለማስነሣት ሞከሩ። ሞተሯ 40 የፈረስ ጉልበት ያለው የቮልስዋገን መኪና ሞተር ነበር፤ በስሟ ያለው ቁጥርም ሥራው የፈጀውን ቀን ያመለክታል። አውሮፕላኗ ስትንደረደር የፕሮፔለሩ ማቀፊያ ተሰበረና ሙከራው ተቋረጠ።

በዚሁ ሞተር አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ አውሮፕላን ከወልድያ እናስነሣ ብንል ምን ይገጥመናል? ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2100 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው መደበኛ እፍጋት በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ሞተሩ የሚሰጠን ጉልበት ወደ 30 ይወርዳል። ክንፉም ያንኑ ክብደት ለማንሣት 15 በመቶ ያህል ተጨማሪ ፍጥነት ይሻል፤ መንደርደሪያው ይረዝማል። ወደ ሀብሩ ወርደን መርሳ ላይ ብንሞክር ከዝቅታው ጥቂት እናተርፋለን፤ ቆላማው ሙቀት ግን ከትርፉ ይቀንስብናል።

ታዲያ ትልቅ ሞተር እንግዛ? ዋጋውም ክብደቱም ይጨምራል። የክንፉን ስፋት ሳንለውጥ ከጠቅላላው ክብደት አንድ አሥረኛውን ብንቀንስ ግን ለአግድም በረራ የሚያስፈልገው ጉልበት 15 በመቶ ገደማ ይቀንሳል።

ነገር ግን፣ ውድ አንባቢያን፣ ክብደት ስንቀንስ ጥንካሬ እንዳይቀንስ እንጠንቀቅ። ያ ማቀፊያ የተሰበረው መሬት ላይ መሆኑ ትልቅ ዕድል ነው። ስለዚህ ክንፉን ገልብጠን የአሸዋ ከረጢት እየጫንን፣ ሞተሩንም አውሮፕላኑን አስረን ለረጅም ሰዓት እያስነሣን እንፈትን። መሰበር ያለበት ሁሉ እዚያው መሬት ላይ ይሰበር።