ሜሪላንድ የሚሠራ፣ ዲሲ የማይሠራ ላይሰንስ

ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር አንዲት ነርስ በሜሪላንድ ላይሰንሷ አሌክሳንድሪያ፣ አትላንታ፣ ዳላስ ወይም ዴንቨር ሄዳ መሥራት ትችላለች። ሌላ ማመልከቻ አያስፈልጋትም፤ ሌላ ክፍያም የለባትም። ጆርጂያ አቬኑን ይዛ ወደ ደቡብ ብትነዳ ግን ነገሩ ይለወጣል። ኢስተርን አቬኑን ተሻግራ ዋሽንግተን ዲሲ ስትገባ ያው ላይሰንስ ዋጋ ያጣል፤ የዲሲ ሆስፒታል ሊቀጥራት ከፈለገ ከዲሲ የነርሶች ቦርድ ሌላ ፈቃድ ማውጣት አለባት። ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ያለው ቴክሳስ ያመናትን ነርስ በእግር የሚደረስበት ከተማ አያምናትም።

ሜሪላንድና ቴክሳስ የተፈራረሙት ዲሲ ግን ያልገባችበት ውል አለ። ነርሶቹ በአጭሩ «ኮምፓክት» የሚሉት የነርሶች ላይሰንስ ስምምነት ነው። ዛሬ ከ40 በላይ ስቴቶችና ግዛቶች ተቀብለውታል። ከሃያ አምስት ዓመት በላይ የቆየ ቢሆንም ክርክሩ አልበረደም፤ ካሊፎርኒያ፣ ኒው ዮርክ፣ ኢሊኖይ፣ ሚቺጋን፣ ሚኒሶታና ኦሪገን እስካሁን ከውጭ ናቸው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከሕገ መንግሥቱ ነው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ለፌዴራሉ መንግሥት ለይቶ ያልሰጠውን ሥልጣን ለስቴቶች ይተወዋል፤ ሙያን መቆጣጠር ደግሞ ከእነዚህ አንዱ ነው። በ1889 ዴንት የተባለ ሐኪም ያለፈቃድ ሠርተሃል ተብሎ ከዌስት ቨርጂኒያ ጋር እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቢከራከርም ተረታ። ማን ማከም እንደሚችል የሚወስነው ስቴቱ ነው ተባለ። ነርሶችም ብዙ ሳይቆዩ በዚሁ መንገድ ሄዱ። በ1903 ኖርዝ ካሮላይና የመጀመሪያውን የነርሶች ምዝገባ ሕግ ስታወጣ፣ ኒው ጀርዚ፣ ኒው ዮርክና ቨርጂኒያ በዚያው ዓመት ተከተሏት። የፊተኞቹ ሕጎች የሚጠብቁት ስሙን ብቻ ነበር። ያልተመዘገበች ሴት ሕመምተኛ ማስታመም ትችላለች፤ «የተመዘገበች ነርስ» ነኝ ማለት ግን አትችልም። ሥራውም ያለፈቃድ አይሠራም የሚለው ቁጥጥር ቆይቶ የመጣ ነው።

እያንዳንዱ ስቴት የራሱን ቦርድ ካቋቋመ በኋላ ስቴት የቀየረች ነርስ ሁሉ አዲስ በር ማንኳኳት ግድ ሆነባት። አሠራሩ «ኢንዶርስመንት» ይባላል። የትምህርት ማስረጃ፣ የቀድሞ ላይሰንስ ማረጋገጫ፣ አሻራና ክፍያ ይጠየቃል፤ ከዚያ መጠበቅ ነው። ቦርዱ ሥራ ከበዛበት መጠበቁ ወራት ይፈጃል። ቤት ኪራይ የሚከፍልና ልጅ ትምህርት ቤት ያስገባ ሰው እነዚያን ወራት በምን እንደሚያልፋቸው ማንም አይጠይቀውም።

ይህን አሠራር ለመከላከል አስቸጋሪ ያደረገው ፈተናው ነው። ቀድሞ ስቴቱ ሁሉ በየፊናው ይፈትን ነበር። ከ1940ዎቹ ጀምሮ ግን ቦርዶቹ የጋራ ፈተና መጠቀም ጀመሩ፤ በ1978 የቦርዶቹ ብሔራዊ ምክር ቤት ተመሠረተ፤ በ1982 ዛሬ ሁሉም ነርስ የሚያውቀው ኤንክሌክስ መጣ፤ በ1994 ደግሞ ወደ ኮምፒውተር ተዛወረ። የሎስ አንጀለሷም የሂዩስተኗም ተፈታኝ የሚጠብቃቸው አንድ ፈተናና አንድ የማለፊያ መስፈርት ነው። እንግዲህ ብቃታቸው በአንድ ሚዛን ከተለካ፣ የአንዷ ወረቀት በሌላዋ ስቴት ለምን አይሠራም?

ምክር ቤቱ በ1997 «የጋራ እውቅና» የሚለውን ሐሳብ ደገፈ፤ በቀጣዩ ዓመት ዩታ ሕጉን በማጽደቅ ቀዳሚ ሆነች። በጥር 2000 ሜሪላንድ፣ ቴክሳስ፣ ዩታና ዊስከንሰን ሥራ ላይ አዋሉት። ሐሳቡን የሚያስረዱ ሰዎች የሚወዱት ምሳሌ መንጃ ፈቃድ ነው፤ የቨርጂኒያ መንጃ ፈቃድ የያዘ ሰው ኦሃዮ ላይ ቢነዳ ማንም አያስቆመውም፣ የሚገዛው ግን የኦሃዮ የፍጥነት ወሰን ነው። ነርሷም እንደዚያው ናት። ላይሰንሷን የሰጣት የምትኖርበት ስቴት ነው፤ የምትገዛው ግን ሕመምተኛው ባለበት ስቴት ሕግ ነው። በስልክ ወይም በቪዲዮ ለምትሠራም ሕጉ አይለወጥም። ነርሷ ባልቲሞር ተቀምጣ ሕመምተኛው ኒው ዮርክ ካለ፣ ሥራው የተሠራው ኒው ዮርክ ነው፤ ኒው ዮርክ ደግሞ አባል አይደለችም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ወሳኙ ነርሷ የተማረችበት፣ የተፈተነችበት ወይም የምትሠራበት ስቴት አይደለም። መኖሪያዋ ነው። መንጃ ፈቃዷን ያወጣችበት፣ ግብር የምትከፍልበት፣ ዜጋ ከሆነች ደግሞ ለምርጫ የተመዘገበችበት ቦታ ማለት ነው። ካሊፎርኒያ እየኖረች የቴክሳስ ላይሰንስ ብታወጣ የሚሰጣት ለቴክሳስ ብቻ የሚሠራ ነው። ዲሲ ቤት ገዝታ ሜሪላንድ የምትመላለስ ነርስም ብዙ ስቴት የሚያሠራው ላይሰንስ አይሰጣትም። ከአንድ አባል ስቴት ወደ ሌላ አባል ስቴት ቤቷን ያዛወረች ደግሞ በ60 ቀን ውስጥ ለአዲሱ ስቴት ማመልከት አለባት፤ ይህ ደንብ ከጥር 2024 ጀምሮ ይሠራል።

የመጀመሪያው ውል ክፍተት ነበረበት። የወንጀል ሪከርድ ምርመራ በሁሉም ስቴት ግዴታ አልነበረም። በ2010 ፕሮፐብሊካ የተባለው የምርመራ ጋዜጠኞች ተቋም አንድ ስቴት ያገዳቸው ነርሶች በሌላው ሥራቸውን ሲቀጥሉ ማግኘቱን ዘገበ። በ2015 አባላቱ 25 ስቴቶች ላይ ቆመው ነበር። ምክር ቤቱ በዚያው ዓመት ውሉን አሻሽሎ አጸደቀ፤ አዲሱ ውል በጥር 2018 ሥራ ላይ ሲውል ነባሮቹ ሁሉ ሕጉን እንደገና ማጽደቅ ነበረባቸው። ሮድ አይላንድ ሳታጸድቅ ቀርታ ከውጭ ቀረች፤ የተመለሰችው በ2024 ነው። አዲሱ ውል ለሁሉም እኩል የሚሠሩ 11 መስፈርቶች አሉት። የኤፍ ቢ አይ የአሻራ ምርመራ አንዱ ሲሆን፣ በከባድ ወንጀል የተፈረደበት ሰው ደግሞ ከናካቴው አይታይም። የቤት ስቴቷ ላይሰንሷን ካገደ በሁሉም አባል ስቴቶች የመሥራት መብቷ አብሮ ይቆማል።

አዲስ አበባ፣ ጎንደር ወይም ጅማ ተምሮ አሜሪካ ለገባ ነርስ ከነዚህ መስፈርቶች ሁለቱ ይበልጥ ይመለከቱታል። ትምህርቱ በአገሩ እውቅና ካለው ተቋም መሆኑ በገለልተኛ መርማሪ ድርጅት መረጋገጥ አለበት። የአፍ መፍቻ ቋንቋው እንግሊዝኛ ካልሆነ ደግሞ የቋንቋ ፈተና ማለፍ አለበት፤ «ኮሌጅ የተማርኩት በእንግሊዝኛ ነው» ማለት ብቻውን አያድነውም። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርም ያስፈልጋል።

ለስምምነቱ የሚከራከሩት ሆስፒታሎች፣ ነርስ አቅራቢ ድርጅቶች፣ ባሏ በየሁለትና ሦስት ዓመቱ የጦር ሰፈር የሚቀይርባት የወታደር ሚስት፣ ድንበር ላይ የሚኖሩ ነርሶች ናቸው። በ2020 ጸደይ ኮቪድ ኒው ዮርክን ሲያጥለቀልቅ ገዥው የሌላ ስቴት ነርሶች ያለኒው ዮርክ ላይሰንስ እንዲሠሩ በአስቸኳይ ትእዛዝ ፈቀዱ። ሌሎች ስቴቶችም እንደዚያው አደረጉ። ደጋፊዎቹ ያኔ ያነሱት ጥያቄ እስካሁን ጥሩ መልስ አላገኘም፤ በጭንቅ ቀን የታመነች ነርስ በደህና ቀን የማትታመነው ለምንድን ነው? የፌዴራሉ መንግሥትም ቢሆን በራሱ ቤት ጥያቄውን ከዘጋው ቆይቷል። የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች የየትኛውም ስቴት ላይሰንስ ያላትን ነርስ በመላ አገሪቱ ይቀጥራሉ።

ተቃዋሚዎቹ በዋነኛነት የነርሶች ማኅበራት ናቸው፤ የካሊፎርኒያው፣ የሚኒሶታው፣ የሚቺጋኑ። በአደባባይ ቀድመው የሚያነሱት የሕመምተኛ ደኅንነት ነው፤ የእኛ ስቴት መስፈርት ይበልጣል፣ ደካማው ስቴት ጠንካራውን ወደ ታች ይጎትተዋል ይላሉ። በእኔ አስተያየት ይህ ከክርክራቸው ሁሉ ደካማው ነው፤ ፈተናው አንድ ነውና። ፊት ለፊት ብዙ የማይናገሩት ሌላው ክርክራቸው ግን የዋዛ አይደለም። እሱም የሥራ ማቆም አድማ ነው።

በመስከረም 2022 በሚኒሶታ 15,000 ያህል ነርሶች ለሦስት ቀን ሥራ አቆሙ። ሆስፒታሎቹ ተተኪ ነርሶች ከየስቴቱ አመጡ፤ ለብዙዎቹ ግን የሚኒሶታ ፈቃድ ማስወጣት ነበረባቸው። ስምምነቱ ቢኖር ይህ መዘግየት ይጠፋል፤ ከሌላ አባል ስቴት የመጣች ነርስ በማግስቱ ሥራ ትጀምራለች። ለአሠሪው ይህ ቅልጥፍና ነው። ለማኅበሩ ደግሞ በድርድር ጠረጴዛ ላይ ያለው አንድ ካርድ መነጠቁ ነው። ካሊፎርኒያም የምትከላከለው ነገር አላት። በ1999 የወጣውና በ2004 ሥራ ላይ የዋለው ሕጓ ለአንዲት ነርስ የሚሰጠውን ሕመምተኛ ቁጥር ወስኗል፤ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ከሁለት አይበልጥም። እንዲህ ያለ ሕግ በብዙ ትግል ያስወጣ ማኅበር የሥራ ገበያውን በር ለመክፈት ባይቸኩል አይፈረድበትም። በሚቺጋን የስቴቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ሕጉን አጽድቆ ነበር፤ ገዥዋ ግሬቸን ዊትመር ግን የስቴቱን የመቆጣጠር ሥልጣን ለውጭ አካል አሳልፎ ይሰጣል ብለው በታኅሣሥ 2020 ሻሩት። የቦርዶች ገቢም አለ፤ ከእያንዳንዱ ኢንዶርስመንት የሚሰበሰበው ክፍያ እንዲቀር የሚጓጓ መሥሪያ ቤት የለም።

የደኅንነቱን ክርክር ያነሱ ሰዎች በጥር 2023 ትልቅ ማስረጃ ያገኙ መሰላቸው። የፌዴራሉ ዐቃቤ ሕግ ሦስት የፍሎሪዳ ነርሲንግ ትምህርት ቤቶች ከ7,600 በላይ ሐሰተኛ ዲፕሎማ መሸጣቸውን ይፋ አደረገ፤ ከገዢዎቹ 2,400 ያህሉ ኤንክሌክስን አልፈዋል። ፍሎሪዳ የስምምነቱ አባል ናት። ግን ጉዳዩ ከስምምነቱ ውጭ ያለችውን ኒው ዮርክንም ሲያስጨንቅ ከርሟል፤ ሐሰተኛ ዲፕሎማ የያዘ ሰው በኢንዶርስመንትም ያልፋልና። ከዚያ ቀድሞም ቻርልስ ከለን የተባለው ነርስ በ2003 እስኪያዝ ድረስ በኒው ጀርዚና በፔንስልቬንያ ሆስፒታሎች እየተዘዋወረ ሕመምተኞች ሲገድል ኖሯል። ያኔ ሁለቱም ስቴቶች አባል አልነበሩም፤ ሁለት የተለያየ ላይሰንስ መጠየቃቸው ማንንም አላዳነም። ቀጣሪዎቹ የሚያውቁትን አለመነጋገራቸው ነው ያስገደለው።

ደጋፊዎቹም ቢሆኑ አንድ ነገር ያጋንናሉ። ስምምነቱ የነርስ እጥረትን ይፈታል ይላሉ። ክሪስቲና ዲፓስኳሌና ኬቪን ስታንጅ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በ2016 ባወጡት ጥናት የነርሶች ዝውውርም ሆነ የሥራ ተሳትፎ በስምምነቱ ምክንያት መጨመሩን የሚያሳይ ማስረጃ አላገኙም፤ ድንበር አጠገብ በሚኖሩት ዘንድ እንኳ። ነገሩ ሲታሰብ አያስገርምም። ሰው ቤቱን የሚቀይረው ለላይሰንስ ብሎ አይደለም፤ ነርስ የሚጨምረውም መምህርና የተግባር ልምምድ ቦታ እንጂ ወረቀት አይደለም። ስምምነቱ የሚያደርገው ያለችውን ነርስ ከድካም ማዳን ነው። ለእኔ ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው። የሚኒሶታ ነርሶች የአድማ መብት በሕግ መጠበቅ ካለበት በአድማ ሕግ ይጠበቅ፤ የሌላ ሰው ላይሰንስ የአድማ አጥር ሊሆን አይገባም።

ወገኖቻችን በብዛት የሚኖሩባቸውን ከተሞች ስምምነቱ ለሁለት ከፍሏቸዋል። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ቴክሳስ፣ ጆርጂያና ኮሎራዶ ውስጥ ናቸው፤ ሲያትል ያለችበት ዋሽንግተን ስቴትም በ2023 ገብታለች። ዲሲ፣ ሎስ አንጀለስ፣ ላስ ቬጋስና ሚኒያፖሊስ ውጭ ናቸው። ብዙዎቻችን የምንጀምርበት የሲ ኤን ኤ (የነርስ ረዳት) ሥራ ግን የትም ብንኖር አልተካተተም። ስምምነቱ የሚመለከተው አር ኤኖችን (የተመዘገቡ ነርሶችን) እና ኤል ፒ ኤኖችን (ፈቃድ ያላቸው ፕራክቲካል ነርሶችን) ብቻ ነው፤ የሲ ኤን ኤ ሰርተፊኬት በየስቴቱ ደንብ ይዛወራል። ነርስ ፕራክቲሽነሮችም በዚህ አይሄዱም። ለእነሱ በ2020 የተረቀቀው ሌላ ውል ሥራ ለመጀመር ሰባት ስቴቶች ያስፈልጉታል፤ እስከ 2024 የተቀበሉት አራት ነበሩ።

ለትራቭል ነርስነት፣ ማለትም በየስቴቱ እየተዘዋወራችሁ በአጭር ኮንትራት ለመሥራት፣ ውል የምትፈርሙ ደግሞ «ስቴቱ ሕጉን አጽድቋል» በሚል ወሬ አትሂዱ። ፔንስልቬንያ ሕጉን የፈረመችው በ2021 ክረምት ነው፤ የሌላ ስቴት ነርሶችን መቀበል የጀመረችው በመስከረም 2023፣ ለራሷ ነርሶች ላይሰንሱን መስጠት የጀመረችው በሐምሌ 2025 ነው። ማሳቹሴትስም ኅዳር 2024 ላይ ብትፈርም ሥራው በዚያው ቀን አልተጀመረም። ከመፈረማችሁ በፊት ነርሲስ በተባለው የቦርዶቹ የጋራ መዝገብ ስማችሁን ፈልጉ፤ አገልግሎቱ በነፃ ነው። ላይሰንሳችሁ ለአንድ ስቴት ወይስ ለብዙ ስቴት እንደሆነ በግልጽ ይነግራችኋል።