የሕዝብ እንደራሴ ሸክም



በ1888 ዓ. ም. በመስከረም፣ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ለዐድዋ ዘመቻ ዐዋጅ ባስነገሩ ጊዜ፣ ሠራዊቱ እንዲከትት ከተነገረው ስፍራ አንዱ ወረኢሉ ነበር። በዚያን ዘመን መንግሥት ሕዝቡን ሲፈልገው በነጋሪት ይጠራዋል፤ ሕዝቡም ይከታል። ነገር ግን የወረኢሉ ገበሬ በተራው መንግሥትን ቢፈልግ በማን አፍ ይናገር? የእንደራሴነት ትርጉም ከዚህ ጥያቄ ይነሣል። እንደራሴ ማለት፣ ቃሉ ራሱ እንደሚያስረዳው፣ «እንደ እኔ» ሆኖ የሚቆም ሰው ነው።

በ1923 ዓ. ም. የተሰጠው ሕገ መንግሥት፣ የሕግ መምሪያ አባላትን መኳንንቱና ሹማምንቱ እንዲመርጧቸው አዘዘ። ሕዝቡ ራሱ ድምፁን የሰጠው በ1948 ዓ. ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ከወጣ በኋላ ነው። ይሁን እንጂ ለመመረጥ በምርጫው ወረዳ ንብረት ያለው መሆን ግዴታ ስለ ነበረ፣ መራጩ ድኻ ድኻውን ለመላክ አልቻለም።

በ1950 ዓ. ም. በተደረገው በመጀመሪያው ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ከአዲስ አበባ ተመረጡ። በሕዝብ ድምፅ ወደ ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዪቱ ኢትዮጵያዊት እርሳቸው ናቸው።

ወይዘሮ ስንዱ በ1908 ዓ. ም. ከከንቲባ ገብሩ ደስታ ተወለዱ፤ በስዊስ አገር ተማሩ። ጠላት አገራችንን በወረረ ጊዜ ከአርበኞች ጋር ተሰልፈው ተማረኩና ወደ ኢጣልያ ተጋዙ። ከነጻነት በኋላ በማስተማር ሥራ ተሠማርተው የእቴጌ መነንን ትምህርት ቤት እስከ መምራት ደረሱ። በ1942 ዓ. ም. «የልቤ መጽሐፍ» የተባለውን ድርሰታቸውን አሳተሙ።

210 እንደራሴዎች በነበሩበት ምክር ቤት አንዲት ሴት ምን ልታደርግ ትችላለች? ወይዘሮ ስንዱ ምክትል ፕሬዚዳንት እስከ መሆን ደረሱ፤ ማዕርግ ግን ድምፅን አያበዛም። በ1952 ዓ. ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተሰብ አስተዳዳሪ ነው፤ ሚስትም ትታዘዘው ብሎ ደነገገ። ይህ ድንጋጌ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የተለወጠው በ1992 ዓ. ም. ነው። አርባ ዓመት መሆኑ ነው። ወይዘሮ ስንዱ ይህን ለማየት በቅተው በ2001 ዓ. ም. ዐረፉ።

እንግዲህ በየመሥሪያ ቤቱ ሕግ የምናስፈጽም ሁላችን ልናስተውለው የሚገባን ነገር አለ። በጠረጴዛችን ላይ የሚቀመጠው አንቀጽ፣ ሲረቀቅ ድምፃቸው ያልተሰማ ሰዎችን ጭምር ያዛል። ስለዚህ ባለጉዳይ ከሩቅ አገር መጥቶ ከደጃችን ሲቆም፣ ምናልባት እንደራሴው ያልተናገረለትን ቃል ይዞ ይሆናልና፣ ቀና ብለን እንስማው።