«ኤም»፦ ከ90 ዓመት በላይ የሆነው የጀርመን ፊልም ተመልካችን እስከ ዛሬ ለምን ያከራክራል?

አንዲት ትንሽ ልጅ መንገድ ላይ ያገኘችውን ሽማግሌ «ስንት ሰዓት ነው?» ብላ ትጠይቃለች። ሰውየው ይነግራታል። አጠገባቸው ያለ አንድ ግዙፍ ሰው «ከልጅቷ ምን ፈልገህ ነው?» ብሎ ይይዘዋል። ሌላ ሰው ይጨመራል፣ ከዚያ ሌላ። ወዲያው መንገዱ በሰው ይሞላል። ሽማግሌው ግን ምንም አላጠፋም።

ይሄ ትዕይንት ያለው «ኤም» በሚባለው የጀርመን የወንጀል ፊልም ውስጥ ነው። የሠራው ፍሪትዝ ላንግ ሲሆን፣ ጽሑፉን ከባለቤቱ ከቴያ ፎን ሃርቡ ጋር አዘጋጅቶታል። በርሊን ውስጥ የታየው በፈረንጆቹ ግንቦት 1931 ነው።

ታሪኩ ምንድነው?

በርሊን ውስጥ አንድ ሰው ሕፃናትን እየገደለ ነው። ፖሊስ ሊይዘው ስላልቻለ በየሌሊቱ አሰሳ ያደርጋል። አሰሳው ደግሞ የሌቦቹን ሥራ አቆመው። ወደ ቶጎ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ ፍተሻ ሲጠብቅ ገበያ ምን እንደሚሆን የምታውቁ ይሄ በደንብ ይገባችኋል። ስለዚህ ሌቦቹ ራሳቸው ገዳዩን ለማደን ይነሳሉ፤ ለማኞችን በየመንገዱ ያሰማራሉ።

ገዳዩን የሚለየው ዓይነ ስውር ፊኛ ሻጭ ነው፣ በፉጨቱ። ከዚያ አንድ ወጣት መዳፉ ላይ በጠመኔ «ኤም» የሚለውን ፊደል ጽፎ የሰውየው ትከሻ ላይ ያትምበታል። ፊደሉ «ሞርደር» የሚለው ቃል መነሻ ነው፤ በጀርመንኛ ነፍሰ ገዳይ ማለት ነው። ሌቦቹ ሰውየውን ይዘው በአንድ የተተወ ፋብሪካ ምድር ቤት «ችሎት» ያቆሙታል።

ተመልካች የሚለው ምንድነው?

የመጀመሪያው ቅሬታ «ቀርፋፋ ነው፣ ሙዚቃ የለውም» የሚል ነው። እውነት ነው፣ ማጀቢያ ሙዚቃ የለውም። «ኤም» ላንግ በድምፅ የሠራው የመጀመሪያ ፊልሙ ነው፤ ድምፅንም ቆጥቦ ነው የተጠቀመበት። ዝምታው ስለበዛ ፉጨቷ ስትመጣ ትደነግጣላችሁ። ፉጨቷ የኖርዌጂያዊው ግሪግ ዜማ ነች። ተዋናዩ ፒተር ሎሬ ማፏጨት ስለማይችል ያፏጨው ራሱ ላንግ ነው። በስልክ የምታዩት ከሆነ ኢርፎን አድርጉ።

ሁለተኛው «ማንን ልደግፍ?» የሚለው ነው። እኛ ጅግጅጋ በሶማሊኛ የተተረጎመ የሂንዲ ፊልም እያየን ነው ያደግነው፤ እዚያ አክተሩ መጨረሻ ላይ መጥቶ ክፉውን ይቀጠቅጠዋል፣ እኛም ይወጣልናል። «ኤም» ውስጥ አክተር የለም። ገዳዩ በሌቦች ፊት ተንበርክኮ ራሱን ማቆም እንደማይችል እየጮኸ ሲናገር አንዳንዱ ተመልካች ያዝንለታል፣ ሌላው ባዘነው ሰው ይናደዳል።

ሦስተኛው ክርክር ስለ ሞት ቅጣት ነው። በኋላ የናዚ የፕሮፓጋንዳ ሚኒስትር የሆነው ጎብልስ ፊልሙን በ1931 አይቶ፣ የሞት ቅጣትን የሚደግፍ ነው ብሎ ማስታወሻው ላይ በአድናቆት ጽፏል። ላንግ ደግሞ በኋላ ላይ ፊልሙ የሞት ቅጣትን የሚቃወም መሆኑን ተናግሯል። በ1934 የእነ ጎብልስ መንግሥት ፊልሙን አገደው። ፊልሙ ራሱ ፍርዱን ሳይነግረን ነው የሚያልቀው፣ ክርክሩም ለዚህ ነው የማይቆመው። የእኛም ሀገር የ1996ቱ የወንጀል ሕግ የሞት ቅጣትን ይዟል፤ ስለዚህ ጥያቄው የጀርመን ብቻ አይደለም።

ለእኛ ምን ያገባናል?

ጥቅምት 2011 ዓ.ም አማራ ክልል፣ ምዕራብ ጎጃም ሜጫ ወረዳ ውስጥ ለጤና ጥናት የሄዱ ሁለት ተመራማሪዎች በሰው ተደብድበው ተገደሉ። መነሻው ልጆችን ሊጎዱ መጡ የሚል ወሬ ነበር። ሰዓት የተናገረው ሽማግሌ ማለት እነሱ ናቸው።

ያኔ ጠመኔ ነበር፣ አሁን ስልክ አለ። «ይሄን ሰው ያያችሁ፣ ሌባ ነው፣ ሼር አርጉ» ተብሎ የሰው ፎቶ ሲለቀቅ ትከሻው ላይ ፊደል እያተምንበት ነው። ከጅግጅጋ ግሩፕ ቀብሪበያህ ለመድረስ አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም። ጠመኔ ይጠረጋል፣ ስክሪንሾት ግን አይጠፋም።

«ጥፋተኛ ከሆነስ?» ትሉ ይሆናል። ፊልሙ የሚከብደውም እዚህ ጋ ነው፤ ሌቦቹ የያዙት ሰው እውነትም ገዳይ ነው። ግን ሽማግሌውን የከበበው ሰው እና ገዳዩን የከበበው ሰው እኩል እርግጠኛ ነበር። ከውስጥ ሆኖ ልዩነቱ አይታወቅም። ልዩነቱን የሚያወጣው ቁጭ ብሎ መስማት ነው።

ይሄን ደግሞ ከፊልም መማር አያስፈልገንም። በሶማሌ ባህላዊ ሕግ፣ በሔር፣ ደም የፈሰሰበት ጉዳይ እንኳ ቢሆን ሽማግሌዎች ዛፍ ስር ተቀምጠው የሁለቱንም ወገን ይሰማሉ። ተከሳሹ ብቻውን አይቆምም፤ ወገኖቹ አብረውት ይቆማሉ፣ የደም ካሳውንም አብረው ይከፍላሉ። አንድ ጉዳይ ቀናት ሊወስድ ይችላል። ሼር ለማድረግ ግን አንድ ሰከንድ ይበቃል።

ፊልሙን ካያችሁት ንገሩን፦ ምድር ቤቱ ውስጥ ብትሆኑ ኖሮ ምን ትፈርዱ ነበር?