የኒውትሮፊል ቁጥር ማነስ ሁሉ የመቅኔ ሕመም ነውን?

ከውጫሌ ወደ ደሴ ለምርመራ የተላከ አንድ ጎልማሳ አለ እንበል። ትኩሳት የለውም፤ ሄሞግሎቢኑም ፕሌትሌቱም የተስተካከሉ ናቸው። የኒውትሮፊሉ ቁጥር ግን በአንድ ማይክሮሊትር ደም 1,200 ሆኖ ተገኝቷል። ከ1,500 በታች ስለሆነ ወረቀቱ ላይ «ዝቅተኛ» ተብሎ ተመልክቷል። የካንሰር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቢሆን በዚህ ቁጥር ብቻ ሕክምናው ሊዘገይበት ወይም የመድኃኒቱ መጠን ሊቀነስበት ይችላል። ታዲያ መቅኔው በእርግጥ ታሟልን?

ለመልሱ ወደ ምንጩ መመለስ ያስፈልጋል። የደም ሴሎች ሁሉ የሚፈልቁት በአጥንት መቅኔ ውስጥ ከሚኖሩ ጥቂት ግንድ ሴሎች ነው። ግንድ ሴል ሲባዛ ከፊሉ ራሱን ይተካል፤ ከፊሉ ወደ ተለየ ሥራ ያመራል። ቢ-ሊምፎሳይት በዚያው በመቅኔ ያድጋል። የቲ-ሊምፎሳይት ቅድመ ሴል ግን ወደ ታይመስ ዕጢ ሄዶ፣ የራስን አካል የሚያጠቃው ተለቅሞ ከተወገደ በኋላ ቀሪው ይሰማራል። ኒውትሮፊልን መቅኔው በቀን እስከ መቶ ቢሊዮን ገደማ ያመርታል። አብዛኛው በመቅኔ ተጠባባቂ ሆኖ ይቆያል፤ በደም ውስጥ የሚቆየው ከአንድ ቀን ላነሰ ጊዜ ነው። ስለዚህ በናሙናው የምንቆጥረው መንገደኛውን እንጂ ምርቱን አይደለም።

ዳፊ የተባለው የደም ዓይነት የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ብዙ አፍሪካውያን በቀይ የደም ሴላቸው ላይ ይህ ፕሮቲን የላቸውም፤ በቫይቫክስ ወባም በቀላሉ አይያዙም። በአገራችን ያላቸውም የሌላቸውም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 በኔቸር ኢሚዩኖሎጂ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ፕሮቲኑ በመቅኔ ባሉት የቀይ ሴል ቅድመ ሴሎች ላይ ከሌለ እነዚህ ሴሎች ከግንድ ሴሎች ጋር ያላቸው ግንኙነት ይለወጣል። የሚወለዱትም ኒውትሮፊሎች ጠባያቸው የተለየ ሆኖ ከደም ወደ አካል ፈጥነው ይወጣሉ። ቁጥሩ አነሰ እንጂ መከላከያው አልሳሳም።

የማመሳከሪያው ልክ ከሌላ ሕዝብ መወሰዱ በሲዲ4ም ታይቷል፤ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የኢትዮ-ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት የጤነኛ ኢትዮጵያውያን አማካይ ቁጥር ከሆላንዳውያን ያነሰ መሆኑን አሳውቋል። የዚያ ምክንያት ግን ሌላ ነው፤ ከዳፊ ጋር መደባለቅ አይገባም።

ይህ ሁሉ ለመዘናጋት አይደለም። ትኩሳት፣ ተደጋጋሚ ኢንፌክሽን፣ የጣፊያ ማበጥ ወይም የሌሎቹ ሴሎች ማነስ አብሮ ካለ ካላ-አዛርን፣ ኤች.አይ.ቪን፣ የደም ካንሰርንና በመድኃኒት የሚመጣ ጉዳትን መፈለግ ግዴታ ነው። ቁጥሩ ከ500 በታች ሲወርድም እንዲሁ። ጤነኛ በሚመስለው ሰው ላይ ግን የዳፊ ምርመራ ባይገኝ እንኳ የቀድሞ ውጤቱን መጠየቅ፣ የደም ስሚሩን ማየት፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ደግሞ መቁጠር ይቻላል። ያ ቁጥር ከነቀኑ በሪፈራል ወረቀቱ ላይ ይጻፍ፤ ደሴ ላይ የሚቀበለው ሐኪም ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው እርሱን ነው።